256 ጊጋው ይበቃሃል፤ ኤክስተርናሉን ግን እኔ በገዛሁበት መንገድ እንዳትገዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ወንድምህ ከአሜሪካ ሲመጣ ማክ ሚኒ ኤም 4፣ የአፕልን ትንሿን ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር፣ ሊያመጣልህ ነው። "ባለ 256 ጊጋው ለሰርግ ቪዲዮ ይበቃል ወይ? ኤክስተርናሉን (ከውጭ የሚሰካውን ዲስክ) እዚህ ልግዛ ወይስ እሱ ይዞልኝ ይምጣ? ሪቪው ሳይ ደግሞ አንዱ ያደነቀውን ሌላው ያጣጥለዋል" ብለሃል። እኔ በዚችው ማሽን ከዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሥራዬም እንዳንተው ሰርግ ነው። በመሃል ከባድ ዋጋ ያስከፈለኝ አንድ ስህተት አለ። አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

1. ማሽኑን በ256ቱ ያምጣልህ። በ2024 ሲወጣ ዋጋው 599 ዶላር ነበር፣ 16 ጊጋ ራም አለው። ወደ 512 ለማሳደግ 200 ዶላር ያስጨምሩ ነበር። እኔ በገዛሁበት ሰሞን በዚያው 200 ዶላር ኦሪጅናል ባለ 2 ቴራ ኤክስተርናል ተገዝቶ መልስ ይተርፍ ነበር። ትርፍ ገንዘብ ካለህ ራሙ ላይ ጨምር። ራም በኋላ አይቀየርም፣ ስቶሬጅ ግን ከውጭ ይሰካል። እውነቱን ለመናገር እኔ በ16ቱ የሁለት ካሜራ ፎርኬ ሰርግ ያለ ችግር እሠራለሁ።

ውስጡ ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ ብቻ ይቀመጡ። የኤዲቲንግ ፕሮግራምህ ፋይናል ከትም ሆነ ዳቪንቺ፣ ካሹን (እየሠራህ ሳለ የሚፈጥራቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች) ኤክስተርናል ላይ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ትችላለህ። መጀመሪያ ቀን አድርገው። እኔ ይህን ባለማድረጌ ውስጡ በካሽ ሞልቶ ነበር። ቀጥሎ ለመጣብኝ ጣጣ ሁሉ መነሻው እሱ ነው።

የቮልቴጅ ኮንቨርተር እንዳትገዛ። ማሽኑ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ገመዱም እንደ ድሮ ቴፕ ገመድ ጫፉ ስምንት ቁጥር የሚመስለው ነው። ለኛ ሶኬት የሚሆነውን ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገዝተህ ትሰካለህ፣ አለቀ።

2. ሪቪውን በተመለከተ። ማሽኑን የሚያደንቁት ልክ ናቸው። በዚህ ዋጋ እንዲህ የሚሠራ ትንሽ ዴስክቶፕ አላየሁም። ሁሉም የሚያማርሩት ማብሪያው ከሥር ጥግ ላይ መሆኑን ነው። "ግድ የለም፣ ኮምፒዩተሩን ስለማታጠፋው አትነካውም" ይላሉ። እነሱ ጋ መብራት አይጠፋም። እኛ ጋ በሳምንት ስንቴ እንደሚሄድ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ኢነርጂ የሚለው ጋ ገብተህ፣ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን አብራው። እኔ ከዚያ ወዲህ ማብሪያውን ፈልጌው አላውቅም።

የኤክስተርናል ሪቪው ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው ኮከብ የሚሰጠው ዕቃው በደረሰው ቀን ነው። ሰካሁት፣ ሠራ፣ አምስት ኮከብ። ዩቲዩብ ላይ ያሉትም ፍጥነቱን በብላክማጂክ መለኪያ ፕሮግራም ይለኩታል። ያ ፕሮግራም ቢበዛ በ5 ጊጋ ፋይል ነው የሚፈትነው። ብዙ ርካሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) መጀመሪያ ላይ የሚፈጥንበት ትንሽ ቦታ አለው። እሷ ስትሞላ ፍጥነቱ ይወድቃል። እኔና አንተ ደግሞ በአንድ ማታ 200 እና 300 ጊጋ ነው የምንገለብጠው። ስለዚህ ባለ አምስት ኮከቡን እለፈው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ኮከቡን አንብብ። "መሃል ላይ ራሱ ይነቀላል"፣ "ይግላል"፣ "ፋይሉ አልከፈትም አለ" የሚል ቃል ከተደጋገመ ተወው።

3. ኤክስተርናሉን እዚህ ካየኸው ርካሽ ቦታ አትግዛ። ይህን በደንብ ልንገርህ።

ጊዜው ጥር ነበር። ቅዳሜም እሁድም ሰርግ ይዤ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ያለኝ ኤክስተርናል ሞላ። ውስጡም በካሽ ሞልቷል። ማታ ከአዳራሹ እንደወጣሁ ወደ አንድ ሱቅ ሮጥኩ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ባለ 2 ቴራ ኤስኤስዲ 9 ሺህ ብር አለኝ። ኦሪጅናሉ ያኔ ከእጥፍ በላይ ነበር። ጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። በእጅ ሲይዙት ክብደቱ ቀላል ነው። እሱንም በጥሩ ነገር ተረጎምኩት።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። 2 ቴራ ይላል። የኔን ካሜራ ሁለት ካርድ፣ 190 ጊጋ ገደማ፣ መገልበጥ ጀመርኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ወደ እውነተኛ ኤስኤስዲ ሲገለበጥ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። የካርድ ሪደሩ ነው ብዬ አለፍኩት። ሲጨርስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክሊፖች ከፈትኩ። ሠሩ። ጠዋት ካርዶቹን ፎርማት አድርጌ ወደ እሁዱ ሰርግ ሄድኩ።

ረቡዕ ኤዲት ልጀምር ተቀመጥኩ። ሙሽራው ሲለብስ፣ ሚዜዎቹ ሲቀልዱ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ያለውን ከፈትኩ። አልከፍትም አለ። የሚቀጥለውም። የሚቀጥለውም። ስማቸው አለ፣ ቀናቸው አለ፣ መጠናቸውም ልክ ነው። ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። ከ60 ጊጋ በኋላ ያለው በሙሉ እንደዚያ ነበር። የቤት ምርቃቱ፣ ተክሊሉ፣ ሁሉም።

ሽፋኑን በቢላዋ ከፈትኩት። ውስጡ አውራ ጣት የምታክል ሰሌዳ አለች። ሰሌዳዋ ላይ የስልክ ሜሞሪ ካርድ በማጣበቂያ ተለጥፏል። 64 ጊጋ ይላል። ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ያንን ሰሌዳ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰሌዳዋ ላይ ያለው ፕሮግራም ለኮምፒዩተሩ "2 ቴራ ነኝ" ብሎ ይዋሻል። ኮምፒዩተሩ ያምናል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ቀሪውን ይቀበላል፣ ግን የትም አያስቀምጠውም። አንዳንዱ ደግሞ ዞሮ የፊተኛው ላይ ይጽፋል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የሚጻፈው መጀመሪያው አካባቢ ስለሆነ ስሙ ይታይሃል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ክሊፖች ከፍቶ ማየት ዋጋ የሌለው። የመጀመሪያዎቹማ ይሠራሉ። የመጨረሻውንና የመሃሉን ነው መክፈት ያለብህ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ዕቃውን አየና "ከፍተኸዋል፣ የተከፈተ አንመልስም" አለኝ። ስላልሠራ ነው የከፈትኩት አልኩት። "ታዲያ ፋይልህን እኔ ነኝ ያጠፋሁት?" ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሌላ ደንበኛ ማናገር ጀመረ። የሰጠኝ ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው፣ ላዩ ላይ "ኤክስተርናል" ብቻ ይላል። ሞዴል የለ፣ መለያ ቁጥር የለ። ከኋላው መደርደሪያ ላይ ያው ዕቃ በሦስት ረድፍ ተደርድሯል። አጠገቤ የቆመው ደንበኛ ለልጁ ሊገዛ አንዱን በእጁ ይዞ ነበር። ሰሌዳዋን አውጥቼ አሳየሁት። ዕቃውን አስቀምጦ ወጣ። ብሬን አላገኘሁም፣ እሱን በማዳኔ ግን እስከዛሬ ደስ ይለኛል።

ከዚያ የሙሽራዋ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ይህን ለማንም አልመኝም። እናቷ ቡና አፍልተው አስቀመጡኝ፣ ከዚያ ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። "የእማማ ምርቃትስ?" ብቻ አሉ። አያቷ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ በሩ ላይ ተቀምጠው የመረቁት እሳቸው ናቸው። ቀብዱን መለስኩ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ያለኝን ሁሉ ፈተሽኩ። ካርዶቹን ፎቶሬክ በሚባለው የጠፋ ፋይል መፈለጊያ ፕሮግራም ብፈልግ እሁድ ተደርቦባቸው ስለነበር ቁርጥራጭ ብቻ ነው የወጣው። ሁለተኛው ካሜራማን ግን ካርዱን አልነካም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ከሩቅ የተነሳውን ከሱ አገኘሁ። ሙሽራው ኮት ላይ የሰካሁት ትንሽ ድምፅ መቅጃም ነበረ። የአያቷ ድምፅ ጥርት ብሎ ገብቷል። "የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ" ሲሉ፣ ሰው "አሜን" ሲል፣ ሁሉም አለ። ድምፁን ከፎቶግራፈሩ ፎቶዎች ጋር አገናኘሁት። አራት ደቂቃ ሆነ። ቤተሰቡ አይቶ አለቀሰ። ከሠራኋቸው ሁሉ በዚህኛው እኮራለሁ። ከዚያ ወዲህ እነሱ ሁለት ሰርግ ልከውልኛል።

ወደ ምክሩ ልመለስ። ኤክስተርናሉን ወንድምህ ይዞ ይምጣ። ኦንላይን ሲገዛ ሻጩ ራሱ ድርጅቱ መሆኑን ያረጋግጥ። እንደ አማዞን ያለ ትልቅ የኦንላይን ገበያ ላይም ቢሆን ሌላ ሰው ገብቶ የሚሸጠው አለ። 16 ቴራ ኤስኤስዲ በጥቂት ዶላር የሚል ካየ ይለፈው። ውስጡ ያው ሜሞሪ ካርድ ነው።

ለኛ ሥራ ሳምሰንግ ቲ 7 የሚባለው ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ይበቃል። ብዙ ሰው "ታንደርቦልት (ፈጣኑና ውዱ መሰኪያ) ካልሆነ" ብሎ ያስፈራራሃል። ሂሳቡን እየው። በሰከንድ በ100 ሜጋቢት የተቀረጸ ፎርኬ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው። በሰዓት 45 ጊጋ ማለት ነው። አራት ካሜራ ባንዴ ብታጫውት 50 ሜጋባይት። ቲ 7 በሰከንድ እስከ 1000 ሜጋባይት ያነባል። ለምን ተጨማሪ ትከፍላለህ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ተከታዩን ቲ 9ን 2000 ያነባል ብለው ቢነግሩህም፣ ማክ ሚኒው የሱን ፈጣን አሠራር ስለማይደግፍ ከቲ 7 ብዙም የተለየ አታገኝም።

ገመዱን ግን ተጠንቀቅ። ከዕቃው ጋር የመጣውን ብቻ ተጠቀም። የስልክ ቻርጀር ገመድ መልኩ አንድ ነው፣ ብዙዎቹ ግን በሰከንድ 40 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያሳልፉት። ማኩ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ዩኤስቢ የሚለውን ክፈት። 480 ሜጋቢት ካለህ ገመዱ ነው ችግሩ።

ኤክስተርናሉ እንደደረሰህ ኤፒኤፍኤስ በሚባለው የማክ ፎርማት ፎርማት አድርገው። ብዙዎቹ የሚመጡት ኤክስፋት በሚባለው፣ ዊንዶውስም ማክም በሚያነበው ፎርማት ነው። ወደ ኤክስፋት እየገለበጥክ መብራት ከሄደ የፋይል ዝርዝሩ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ይህ የለውም። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ግዛ። ማሽኑ ቢበዛ 65 ዋት ነው የሚበላው፣ ትልቅ አያስፈልግም። የዩፒኤሱን ብር ለመቆጠብ እንዳትሞክር።

ከሥሩ የሚቀመጠውን፣ ራሱን የሚመስለውን ሃብ (ተጨማሪ መሰኪያ የሚሰጠውን ዕቃ) ጠይቀህ ነበር። ኤስኤስዲ መክተቻና የካርድ ማስገቢያ ያላቸው አሉ። ያምራሉ። ብዙዎቹ ግን ካርዱም ኤስኤስዲውም ፍላሹም በአንዲት የ10 ጊጋቢት ገመድ ነው የሚጋሩት። ማሽኑ ደግሞ አየር የሚስበውም የሚያወጣውም ከሥሩ ነው። እኔ በበኩሌ ጥሩ የካርድ ሪደር ብቻ ገዝቼ ከፊት ሰክቼዋለሁ። ማሽኑ ካርድ ማስገቢያ ስለሌለው እሱ ግዴታ ነው። ዩኤስቢ ሲ ብቻ ስለሆነም ለፍላሽና ለድሮ ማውስህ አንድ ማገናኛ ያዝ።

ባክአፕህን በተራ ሃርድ ዲስክ አድርገው። ቀርፋፋ ነው፣ ለማስቀመጫ ግን ርካሽና በቂ ነው። ለካሜራህም ተጨማሪ ሜሞሪ ካርድ ያዝ። እኔ አሁን የአንድ ሰርግ ካርድ ፋይሉ ሁለት ቦታ ተገልብጦ የመሃሉንም የመጨረሻውንም ክሊፕ ሳልከፍት ፎርማት አላደርግም።

የኤክስተርናሉን ፍተሻ ወንድምህ እዚያው ሳለ ያድርገው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው፣ ማክ ከሆነ ኤፍ ስሪ የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ዲስኩን እስከ ጫፍ ይሞሉትና መልሰው ያነቡታል። ኦሪጅናል ባለ 2 ቴራ በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ሁለት ቀን የሚፈጅ ከሆነ መልሱን ከወዲሁ አግኝተሃል። መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ መሆን አለበት፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ ማን ይመልስልሃል? ኤፍ ስሪ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ስለሆነ ቢያስቸግረው እዚሁ ጻፍልኝ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ አለሁ፣ ደረጃ በደረጃ እነግረዋለሁ።