ካርዱ ላይ «ኦ ኤም» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ

እህቴ፣ ሰላም ነሽ? መጀመሪያ የለጠፍሽውን የካርድ ፎቶ አጥፊው። ስሙን ብትሸፍኚውም የካርድ ቁጥሩ ጥግ ላይ ይነበባል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ሐኪሞቹ ለጆሮ ሕመም ኦ ኤም (ኦታይቲስ ሚዲያ፣ የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን) ብቻ ብለው ይጽፋሉ፣ እኔም ሁሉንም በበሽታ ኮድ ኤች 66.9 እያልኩ አስገባለሁ፣ ሱፐርቪዥን የመጡት ግን መለሱብኝ፤ ከታዘዘው መድኃኒት ተነስቼ ልገምት?» ነው ያልሽው። እባክሽ አትገምቺ። ጅማ ውስጥ ካርድ ክፍልና ኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓት) ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በጆሮ ጉዳይ ካየሁት ስህተት አብዛኛው ከግምት የመጣ ነው።

መድኃኒቱ ብዙ አይነግርሽም። የሲፕሮፍሎክሳሲን የጆሮ ጠብታ ለውጭኛው የጆሮ ቱቦ ኢንፌክሽን ይታዘዛል። ታምቡር ተበስቶ ለቆየ መግልም ይታዘዛል። የመጀመሪያው ኤች 60 ነው፣ ሁለተኛው ኤች 66 ውስጥ ይገባል። ከጠብታው ተነስተሽ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አትችዪም።

ኤች 66.9 ራሱ ውሸት አይደለም። «የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ» ማለት ነው። ነገር ግን የወሩ ሪፖርት በሙሉ እሱ ከሆነ፣ በሳምንት የሚድነው ልጅና የመስማት ችሎታው እየተጎዳ ያለው ልጅ አንድ መስመር ላይ ይቀመጣሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ካርዱ ላይ የምትፈልጊው መግል መኖሩን፣ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነውና ታምቡሩ ታይቶ ከሆነ ምን እንደሚመስል ነው። አጣዳፊና መግል ያለው ከሆነ 66.0 ነው። መግል የሌለው፣ ከታምቡሩ ጀርባ ውኃ የቋጠረው ደግሞ ኤች 65 ነው። የቆየ መግል ሆኖ ሐኪሙ ቱቦቲምፓኒክ ብሎ ከጻፈ 66.1፣ አቲኮአንትራል ካለ 66.2 ትያለሽ። ይህ ሁለተኛው አጥንት ሊበላ የሚችለው አደገኛው ዓይነት ስለሆነ እንዳያመልጥሽ። ሐኪሙ የቆየ መግል መሆኑን ብቻ ጽፎ ዓይነቱን ካልለየ ደግሞ 66.3 ነው። ብዙ ኮድ አስገቢዎች እዚህ ጋ 66.1 ይሰጣሉ፣ ያልተጻፈ ነገር መጨመር ስለሆነ ትክክል አይደለም። ኩክ ብቻ ከሆነ ኤች 61.2 ነው፣ ከኢንፌክሽን ጋር አታደባልቂው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው «ስንት ጊዜ ሆነው» የሚለው ነው። አንድ ሚያዝያ ላይ፣ በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከሰቃ በኩል የመጣች እናት የአራት ዓመት ልጇን አሳክማ ካርዱ እኔ ጋ ደረሰ። «የጆሮ መግል፣ 2 ቀን» ይላል፣ ምርመራው አጣዳፊ ተብሏል። ካርዱን ወደኋላ ገለጥኩት። ጥር ላይም መጥታለች፣ «መግል፣ 3 ቀን» ተብሎ። ከዚያ በፊትም አንድ አለ፣ ያው ጆሮ፣ ግራው። ካርዱን ይዤ ወደ ሲስተር ሄድኩ፤ «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ይህችን አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አልኳቸው። እናትየው ገና ፋርማሲ በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሲስተር በአፋን ኦሮሞ ጠየቋት። «መቼ ጀመረው?» አላሏትም። «ጨርሶ ደርቆ ያውቃል?» ነው ያሏት። እሷም ከቡና ለቀማ ጀምሮ እየደረቀ እየተመለሰ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሁለት ቀን ያለችው የአሁኑን ብቻ ቆጥራ ነው። ቡና ለቀማ ከጥቅምት ነው፣ አስቢው።

አይኤምኤንሲአይ (የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ) ቻርቱ ላይ መለያው መስመር 14 ቀን ነው። መግሉ ከዚያ በታች ከሆነ አጣዳፊ፣ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ የቆየ ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚያም እብጠት ካለ ማስቶይዳይቲስ (የጆሮ ጀርባ አጥንት ኢንፌክሽን) ነው፣ ቶሎ ሪፈር ይደረጋል። ሲስተር የልጁን የጆሮ ጀርባ ጫን ጫን አድርገው አዩ፣ እብጠት የለም። የቀድሞውን ምርመራ በአንድ መስመር ሰርዘው አዲሱን ጻፉ፣ ቀንና ፊርማ አኖሩ። የቀድሞው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል፣ በፍሉድ አልጠፋም። ለእናትየው ጆሮውን በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ እንዴት እንደምታደርቅ አሳይተው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላኳት። እኔም 66.3 አስገባሁ።

ስትጠይቂም አጠያየቅሽን አስተውዪ። «የቆየ ነው አይደል?» ብለሽ መልሱን ለሐኪሙ አታቀብዪ። «ስንት ቀን ሆነው? የትኛው ጆሮ? ታምቡሩስ?» በዪ። ወረፋ በበዛበት ሰዓት አትግቢ፣ ምሳ ሰዓት አካባቢ ይሻላል። እኔ እነዚህን ጥያቄዎች በግማሽ ወረቀት ጽፌ በየምርመራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ለጥፌ ነበር። ከወር በኋላ ወደ ሐኪም የምመልሰው ካርድ በጣም ቀነሰ።

ሐኪሙን ካላገኘሽው ያለውን ብቻ ኮድ አድርጊ። «ኦ ኤም» ካለ 66.9 ይቆይ። «ከጆሮ ፈሳሽ» ብቻ ከሆነ የተጻፈው ምልክት ነው፣ ኤች 92.1 አለው። ሕመም ብቻ ከሆነ 92.0።

ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ያየሻቸው ረጃጅም ኮዶች የአሜሪካ ናቸው። እዚያ መጨረሻው አሃዝ 1 ሲሆን ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 3 ሁለቱም ነው። እዚህ የጻፍኩልሽ ኮዶች መሠረታቸው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ኮድ ዝርዝር፣ አይሲዲ 10፣ ስለሆነ ጎኑ በኮዱ አይለይም። ስለዚህ ጎኑ ካርዱ ላይ በቃል መጻፍ አለበት፤ እንደዚያ ልጅ ሲመላለስ ያው ጆሮ መሆኑን የምታውቂው በዚያ ብቻ ነው።

የተመለሱብሽን የቆዩ ካርዶች በተመለከተ፣ የጻፈው ሐኪም አሁንም እዚያ ካለ በትንሽ በትንሹ ይዘሽለት ሂጂ። ለቅቆ ከሄደ 66.9 እንዳለ ተዪው። ካርዱን ወደኋላ ገልጠሽ ሲመላለስ የነበረ ልጅ ካገኘሽ ግን ሪፖርቱ ይቆይሽና መጀመሪያ ለኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና) ሐኪሙ ንገሪው፤ ቤተሰቡን በቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽን በኩል ማስጠራት ይቻላል።