«እኔ አምጪ ብቻ ነኝ» ላለ ሻጭ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የእናቴ ጆሮ እየደከመ ስለመጣ፣ ከቻይና የመስሚያ መሣሪያ የሚያስመጣ አንድ የቴሌግራም ቻናል አገኘሁ። ሰውየው ያለው አዲስ አበባ ነው። ዋጋው 26,000 ብር ሲሆን ግማሹን ሳዝ በቀብድ፣ ግማሹን ደግሞ ዕቃው መናኸሪያ ደርሶ ስረከብ ከፈልኩ። ከ7 ሳምንት በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ሣጥኑ ላይ በእንግሊዝኛ «የድምፅ ማጉያ» ይላል። እናቴ ጆሮ ውስጥ ስናደርገው ያፏጫል። ብሬን መልስልኝ ስለው «እኔ አምጪ ብቻ ነኝ፣ ቻይናዎቹን ጠይቂ» ብሎ ብሎክ አደረገኝ። ዕቃው እጄ ከገባ ዛሬ 9 ቀኑ ነው። የት ልሂድ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ እናትዎን እግዜር ይማርልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከብሩ ይልቅ ያሳዘነኝ የእሳቸው 7 ሳምንት መጠበቅ ነው።

ቻይና ያለውን ሻጭ መፈለግ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ባለዕዳዎ ገንዘብዎን የተቀበለው ሰው ነው። የሠራውን እንመልከት። ዋጋውን በብር የቆረጠው እሱ ነው። ትርፉን ውስጡ ያስገባውም እሱ ነው። ብሩ የገባው በእሱ ሒሳብ ነው። ዕቃውን ከውጭ ድረ ገጽ ያዘዘው በራሱ ስም ነው፤ እርስዎ የትዕዛዝ ቁጥሩን እንኳ አላዩም። ተላላኪ ቢሆን ኖሮ የውጭውን ዋጋ አሳይቶ የድካሙን ለብቻ ይጠይቅዎት ነበር። ይህ ሰው ሸጦልዎታል። ደግሞስ «ወኪል ነኝ» ቢል ምን ሊጠቅመው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል በቅንነትና በጥንቃቄ እንዲሠራ፣ ለወከለውም ሰው ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። በየትኛውም በር ቢወጣ ተጠያቂነት ይጠብቀዋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛን ሰው ነው። ለእናትዎ ስለገዙ ሸማች ነዎት። አዋጁ ስለሚገዙት ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጥዎታል። ዕቃው ጉድለት ካለበት ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልዎት ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስ መጠየቅ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠቁምዎ። አዋጁ 15ቱን ቀን የሚቆጥረው ዕቃው ከተገዛበት ቀን ነው። ሰውየው ጠበቃ ከያዘ «የገዛችው ያዘዘች ቀን ነው፣ ጊዜው አልፏል» ማለቱ አይቀርም። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ያላየውን ዕቃ ጉድለት ሊያውቅ አይችልም። ቀሪው ግማሽ የተከፈለውም ዕቃውን ሲረከቡ ነው። ስለዚህ ግዢው የተፈጸመው መናኸሪያ ላይ ነው ብዬ እከራከራለሁ። በዚህ ስሌት 6 ቀን ይቀርዎታል፤ አንዱንም አያባክኑ። ዳኛው በእኔ ሐሳብ ባይስማማ እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለልዎት። ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ያስረከበው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። እዚያ የሚፈለገው ጉድለቱን እንዳዩ ሳይዘገዩ ማስታወቅ፣ ክሱን ደግሞ ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ ማቅረብ ነው።

እንግዲህ ዛሬውኑ ማስጠንቀቂያ ይጻፉለት። በስልክ ተጨቃጭቀን ነበር ማለት አይበቃም። ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመክሰስ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ግድ ነው፣ የሕጉ ቁጥር 1772 ነው። ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። እንዲህ ይበቃል፦ «በዚህ ቀን በ26,000 ብር የመስሚያ መሣሪያ አዝዤ፣ በዚህ ቀን የደረሰኝ ግን የድምፅ ማጉያ ነው። ከውላችን ጋር አይስማማም። ዕቃውን በሙሉ ማሸጊያው ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። ገንዘቤን በ5 ቀን ውስጥ በተከፈለበት የባንክ መንገድ እንድትመልስልኝ አስጠነቅቃለሁ።» ቴሌግራም ላይ ብሎክ ስላደረገዎት በስልኩ የጽሑፍ መልእክት ይላኩለት። አድራሻውን ካወቁ በአደራ ፖስታም ይላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ይያዙ።

ከዚያ ማስረጃ። ይህን ጉዳይ የሚያሸንፍልዎትም የሚያሸንፍብዎትም ማስረጃ ነው። ቴሌግራም ላይ ሰውየው የጻፈውን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ አሁኑኑ የቻናሉን ማስታወቂያ፣ «ኦሪጅናል የመስሚያ መሣሪያ» ያለበትን ቦታ፣ ዋጋውን፣ የተጻጻፋችሁትን በሙሉ ቀኑና የተጠቃሚ ስሙ እየታየ ስክሪንሾት ያድርጉ። ስልክዎ ላይ ብቻ አይተዉት፣ ለታማኝ ሰው ይላኩት፣ አትመውም ያስቀምጡ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አይነፈገውም ይላል። የባንክ ደረሰኞቹ ላይ የተቀባዩ ሙሉ ስም አለ፤ ቻናሉ የፈለገውን የንግድ ስም ቢጠቀም፣ የሚከሱት ያንን ስም ነው። ሣጥኑን ከነጽሑፉ በሁሉም ጎን ፎቶ ያንሱ። መሣሪያው ሲያፏጭ በቪዲዮ ይቅረጹ። ከዚያ አሽገው ያስቀምጡት፤ እናትዎ ከእንግዲህ አይጠቀሙበት። አንዴ «እየተጠቀመችበት ነው» ከተባለ ነገሩ ይከብዳል።

ስለ ውጭው ድረ ገጽ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ገበያዎች የተሳሳተ ዕቃ ለደረሰው ገዢ ቅሬታ የሚያቀርብበት የተወሰነ ቀን ይሰጣሉ። ቅሬታው የሚከፈተው ግን ከአዛዡ አካውንት ነው፤ ማለትም ከሰውየው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ገንዘቡ ለውጭው ሻጭ ይለቀቃል። ስለዚህ በማስጠንቀቂያው ላይ «የትዕዛዝ ቁጥሩን ስጠኝ፣ ቅሬታም ክፈት» ብለው ይጨምሩ። እምቢ ብሎ ቀኑን ካሳለፈ የራሱ ጥፋት ነው፣ ፍርድ ቤትም ይህን ያይልዎታል። የከፈለው በውጭ አገር ካርድ ከሆነ በካርዱ ባንክ በኩልም ክፍያውን ማስመለስ ይሞከራል፤ ይህም በካርዱ ባለቤት እጅ ነው። እርስዎ ከሰውየው ጋር ሲከራከሩ እሱ ደግሞ ከቻይናው ጋር ይከራከር።

የተባበሩት መንግሥታት የሸማቾች ጥበቃ መመሪያ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል፣ በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ሱቅ ገብቶ ከሚገዛው ያነሰ ጥበቃ አይኑረው ብሏል። መልካም ነው። ነገር ግን መመሪያው አገሮችን ይመክራል እንጂ ከሐዋሳ ተነሥቶ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ያለን ሻጭ አንገት አይዝም። እዚህ የተፈረደን ፍርድ እዚያ ማስፈጸምም ረጅም መንገድ ነው። ለዚህ ነው አገር ውስጥ ያለውን ሰው ይያዙ የምለው።

ማስጠንቀቂያው አልሠራ ካለ፣ ሻጩ አዲስ አበባ ስለሆነ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ብዙ ሰው አሁንም የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንን ይፈልጋል፤ ሥራው በ2014 ወደዚህ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ሰውየው የንግድ ፈቃድ ከሌለው ይህንንም ይጻፉ። ፈቃድ አለመኖሩ እሱን ያስጠይቀዋል እንጂ ለእርስዎ ካለበት ዕዳ ነፃ አያወጣውም።

ፍርድ ቤትስ? አዲስ አበባ መመላለስ ላያስፈልግዎ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የውል ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ እንደሚችል ይፈቅዳል። ዕቃውን የተረከቡትም ቀሪውን የከፈሉትም ሐዋሳ ነው። ከመልእክቶቹ ውስጥ «ሐዋሳ ድረስ እናደርሳለን» የሚል ካለ እሱን ከሁሉም አስቀድመው ያያይዙ። ሰውየው «እኔ አዲስ አበባ ላይ መኪና ላይ ጭኛለሁ፣ ግዴታዬ እዚያ አልቋል» ቢል መልሱ ያ መልእክት ነው።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይ ለሚለው፣ ማታለል በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 ያስቀጣል። ነገር ግን ሆን ብሎ እንዳታለለዎት መረጋገጥ አለበት። «እኔም ተሸውጄ ነው» ካለ ነገሩ ይጎተታል። ሆኖም በዚያው ቻናል ሌሎችም ተመሳሳይ ዕቃ ተልኮላቸው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ከቻናሉ ማስታወቂያዎች ሥር አስተያየት የሰጡትን በትሕትና ያናግሯቸው። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ካገኙ አብራችሁ ሂዱ።

የሚቀጥለው መሣሪያ ደግሞ ከሐኪም ምርመራ በፊት አይገዛ። የመስሚያ መሣሪያ ጆሮው ተለክቶ የሚስተካከል ነው። ማጉያው ሁሉንም ድምፅ እኩል ያጮኻል፤ እናትዎ ላይ ያፏጨውም ማይክራፎኑ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ይሆናል። ሐኪሙ «ይህ የመስሚያ መሣሪያ አይደለም» ብሎ በጽሑፍ ከሰጠዎት ያቺን ወረቀት ከክሱ ጋር አያይዟት።