ቀዩን ፒሊንግ ቀብታ ፊቷን ለሚያቃጥላት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የብጉር ምልክት ያጠፋልኛል ብለሽ 30 ፐርሰንት ኤኤችኤና 2 ፐርሰንት ቢኤችኤ የሚባሉ የሞተ ቆዳ የሚያራግፉ አሲዶች ያሉበትን ቀዩን ፒሊንግ ገዛሽ። በየማታው ቀባሽው፤ ታጥበሽ ደግሞ ሬቲኖል የሚባለውን የቫይታሚን ኤ ቅባት ደረብሽበት። አሁን ፊትሽ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ውሃ ሲነካው እንኳ ያቃጥልሻል። ጓደኛሽ «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ እንዳታቋርጪ» ብላሻለች። ማንን ልስማ ነው ያልሽው።

አቋርጪ። ዛሬ ማታውኑ።

ጓደኛሽ ያለችው ነገር ጭራሽ የለም አልልም። አሲድ ሲጀመር ከውስጥ የተደፈነው ቀዳዳ ቶሎ ስለሚፈነዳ ለጥቂት ሳምንታት ብጉር ሊበዛ ይችላል። ግን እሱ የሚወጣው ድሮም ብጉር በሚወጣብሽ ቦታ ላይ ነው። ንጹሕ የነበረ ጉንጭ ቀልቶ ሽፍ ካለ፣ ካሳከከና ከለበለበ፣ ቆዳው ተቆጥቷል። ተራ ሎሽን ሲያቃጥልሽ ደግሞ የቆዳሽ መከላከያ ተጎድቷል ማለት ነው። ብርቅርቁ ወዝ እንዳይመስልሽ።

ስለዚህ ለጊዜው አሲዱን፣ ሬቲኖሉን፣ ቫይታሚን ሲውንና ስክራቡን መሳቢያ ውስጥ ክተቺያቸው። ለስላሳ መታጠቢያ፣ ሽታ የሌለው ሞይስቸራይዘር፣ ማታ ከላዩ ስስ ቫዝሊን፣ ቀን ሰንስክሪን። በቃ። ሳውናና እስቲም፣ ወይባም ቢሆን፣ ይቆዩልሽ። ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ቀን በቀን እየባሰ ከሄደ ግን እዚህ መልስ አትጠብቂ፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። አዲስ አበባ ካለሽ አለርት ሆስፒታል ለቆዳ የታወቀ ነው።

ይህን ያህል የማከርረው እንዲሁ አይደለም። የኛ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁረት ይተዋል። ብጉሩ ያንን ምልክት የተወብሽ ራሱ በመቆጣቱ ነው። አሲዱም ካቃጠለሽ ያው ነው የሚሆነው፤ ልታጠፊ በገዛሽው ነገር አዲስ ምልክት ታተርፊያለሽ። ነጭ ቆዳ ያላቸው ልጆች ቪዲዮ ላይ ፊታቸው ቀልቶ በነጋታው ሲስቁ አይተሽ ይሆናል። እኛ ላይ ያ መቅላት ሲጠፋ ጠቁሮ ለወራት ሊቀር ይችላል።

እኔ ፊቴ ቅባታም ነው፤ ብጉር አያጣኝም፤ አሲድም ዓመታት ተጠቅሜያለሁ። የተጠቀምኩት ግን ደካማውን በዝግታ ነው። ፊትሽ ሲረጋጋ፣ ማለትም ሎሽን ሳያቃጥልሽ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ፣ አንድ አሲድ ብቻ ምረጪ። ግላይኮሊክ ከኤኤችኤዎቹ ሞለኪውሉ ትንሹ ስለሆነ ቶሎ ይገባል፤ በዚያው ልክ ይቆጠቁጣል። ላክቲክ ረጋ ያለ ነው፤ ለደረቅ ፊትም ይስማማል። ማንዴሊክ ከሁለቱም ትልቅ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ጠይም ለሆነና ቶሎ ለሚቆጣ ፊት የኔ ምርጫ እሱ ነው። ቢኤችኤው፣ ማለትም ሳሊሲሊክ፣ ደግሞ ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አፍንጫ ላይ ላለ ጥቁር ነጥብና ለብጉር 2 ፐርሰንቱ ይበቃል።

ፐርሰንቱን ብቻ አትዪ፤ ፒኤችም፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ወሳኝ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። አሜሪካ ውስጥ የመዋቢያ ግብዓቶችን ደኅንነት የሚገመግመው ቡድን ለቤት አገልግሎት ኤኤችኤ ከ10 ፐርሰንት እንዳይበልጥ፣ ፒኤቹም ከ3.5 እንዳይወርድ ነው ያለው። ያንቺ 30 ነው! አስተያየት ላይ «ሎሚ በስኳር እሺው» ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። የሎሚ ፒኤች ወደ 2 ይጠጋል፤ ጭማቂው ፊት ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።

አቀባቡን ልንገርሽ። መጀመሪያ ከጆሮሽ ጀርባ ትንሽ ሞክሪና ሁለት ቀን ጠብቂ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፤ ፊትሽ እስኪደርቅ ታገሺ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ አሲዱ ቶሎ ገብቶ ይበልጥ ይቆጠቁጣል። የአፍንጫሽን ጥግና የከንፈርሽን ዳር ቫዝሊን ንኪው፤ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው። ጥቂት ጠብታ በጣትሽ ቀቢ፤ በጥጥ አትፈትጊው። ዓይን አካባቢ አታድርሺ። ትንሽ መቆንጠጥ ያለ ነው፤ ከቆየና ማቃጠል ከሆነ ግን ታጥበሽ ተይው። ከዚያ ሞይስቸራይዘር። በሳምንት አንድ ማታ፤ ወር ያህል ሰላም ከሆነ ሁለት ማታ። እኔ ከዚያ አልፌ አላውቅም፤ አያስፈልግምም። ክር ባስነሳሽበት ወይም ሰም በተጠቀምሽበት ቀን አይነካም። ወንድሞቻችንም ጺም በተላጫችሁበት ማታ እለፉት።

ሰንስክሪን ካልቀባሽ አሲድ ባትጀምሪው ይሻላል። ኤኤችኤ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲጠቀሙበትም ካቆሙ በኋላ ለአንድ ሳምንትም ተጠንቀቁ ይላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ጨረሩም ይጠነክራል፤ የሐምሌ ደመና አያታልሽ። ሁለት ጣት ሙሉ፣ ለፊትና ለአንገት፤ ውጭ የምትውዪ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ። ማድያት ካለብሽ ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የተጻፈበትን ፈልጊ፤ ተራው ሰንስክሪን የማይመልሰውን የሚታይ ብርሃን ይቀንሳል። እንደ ነጩ አመድም አያስመስልሽም።

ምልክቱ ወራት ይፈልጋል፤ በሳምንት ለውጥ አትጠብቂ። ጎድጓዳ ጠባሳ ከሆነ የቤት አሲድ ብዙም አይሠራለትም፤ እሱ የሐኪም ጉዳይ ነው። ተቀላቅሎ ስሙ ሳይጻፍበት የሚሸጥ ማቅያ ክሬም የምትቀቢ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ካለበት ቆዳሽን ስስ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ አሲድ አይጨመርም። ድንገት ማቆሙም የራሱ ጣጣ ስላለው እሱ ይምራሽ።

ሬቲኖሉን ስለመመለስ ለጠየቅሽው፣ መጀመሪያ አሲዱን ልመጂ። ከወር ሁለት ወር በኋላ በሌላ ማታ ጨምሪው፤ ሁለቱን በአንድ ማታ ግን በፍጹም። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም እያሰብሽ ከሆነ ሬቲኖሉን ጨርሶ ተይው።