ቮልሷ ስትሞቅ አልነሳ ካለች

አንድ አንባቢ ከአዲስ አበባ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ቮልሷ የአባቴ ነበረች። በፈረንጆች የ1971 ሞዴል ናት፣ 12 ቮልት። ጠዋት ቁልፉን ገና ሳዞረው ትነሳለች። ከሳሪስ ፒያሳ ነድቼ፣ አቁሜያት ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ ግን ጧ ብላ ዝም ትላለች። አንዳንዴ ጧ የሚለውም የለም። ግማሽ ሰዓት ስጠብቃት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ባትሪ ቀየርኩ። ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) አስፈትቼ አሳየሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ይሠራል። አሁን ደግሞ የመኪናዋ ሽቦ በሙሉ ይቀየር አሉኝ። ምን ይሻለኛል?»

ሽቦውን በሙሉ አያስቀይሩ። አሁን የሚያስፈልግዎት አንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ቁልፍ የሚያዞርልዎት ሰው ነው።

እንዲህ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ብልሽት ሰውን የሚያስመርረው፣ ጋራዥ ሲደርሱ ስለሚጠፋ ነው። ያኔ ግምት ይጀመራል። እቃ ይቀየራል፣ መኪናዋ ለጥቂት ቀን ደህና ትሆናለች፣ ከዚያ ያው ነው። ደህና የሆነችውም ብዙ ጊዜ አዲሱ እቃ ስለገባ አይደለም። እቃው ሲፈታና ሲታሰር ሽቦው ስለተነካካ፣ ጫፉ ላይ ያለው ዝገት ትንሽ ስለተፋቀ ነው።

ስለዚህ ብልሽቱ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ቆመው አይጠብቁ። እዚያው፣ እምቢ ባለችበት ሰዓት፣ የውስጥ መብራቱን ያብሩና ቁልፉን እንደገና ያዙሩ። መብራቱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ወይም ክፉኛ ከደከመ ችግሩ ባትሪው፣ የባትሪው ጫፎች፣ የባትሪው ማሳ (ከኔጋቲቩ ወደ መኪናዋ ገላ የሚታሰረው ገመድ) ወይም ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ላይ ነው። መብራቱ እንደደመቀ ሆኖ ጧ እንኳን ካላለች፣ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚመለሰውን ቀጭን ሽቦ ይጠርጥሩ። መብራቱ ደምቆ ጧ ካለች ደግሞ ወይ ሞተሪኖው ነው፣ ወይ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ማሳ።

ይቺ የካምቢዮ ማሳ ብዙ ሰው የሚረሳት ናት። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት ጎማ ላይ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ፋብሪካው ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ወለሉ አንድ የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ አስሯል። ከስር ስለሆነች የክረምቱ ጭቃና ውሃ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ካምቢዮ ወርዶ ሲገጠም ሳትታሰር የቀረችበትም መኪና አለ። እሷ ስትበላ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ በነዳጅ መስጫው ገመድና በፍሪሲዮኑ ገመድ በኩል ያልፋል። ሁለቱም ለዚህ የተሠሩ አይደሉም። ይግላሉ፣ ይላላጣሉ። ቁልፍ ደጋግመው ካዞሩ በኋላ የነዳጅ ፔዳሉ ከበድ ወይም ሻከር ካለብዎ ሌላ ቦታ ሳይሄዱ ይቺን ገመድ ይዩ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ማርሹን ነጻ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከጎማዎቹ ስር ድንጋይ ያድርጉ። ሞተሩ እንዳይነሳ ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ኃይል የሚሰጠው) ላይ ቁጥር 15 ከተጻፈበት ያለውን ሽቦ ይንቀሉና ጫፉን በናስትሮ ይሸፍኑ። ከመኪናዋ ስር፣ ሞተሪኖው ላይ የሚለኩትን ቦታ ቀድመው በረዥም ሽቦና በመቆንጠጫ ከመልቲሜትሩ ጋር ያገናኙ። ቁልፍ ሲዞር መኪናዋ ስር ማንም ሰው አይኑር። ባትሪው ያለው በቀኝ በኩል ከኋላ ወንበር ስር ስለሆነ ላዩ ላይ ሆነው ያነብባሉ።

መጀመሪያ ባትሪው ራሱ። ዝም ብሎ ሲቀመጥ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ባይወርድ ጥሩ ነው። የመልቲሜትሩን ጫፍ የባትሪው የእርሳስ ጉጥ ላይ ያሳርፉ እንጂ ማሰሪያው ላይ አይደለም። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው ገላ ላይ አድርገው ቁልፉ ይዙር። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበቡ ማሳው ታሟል። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ቁጥር 30፣ ወፍራሙ ገመድ እስከሚታሰርበት። እዚህ እስከ 0.5 ድረስ አልጨነቅም። መጨረሻ ላይ ቁጥር 50 ላይ (ቀጭኑ ሽቦ የሚታሰርበት) የሚደርሰውን ከሞተሪኖው ገላ ጋር ይለኩ፤ ያኔ ባትሪው ላይ ካለው ከ1.5 ቮልት በላይ ካነሰ ጥፋቱ የቀጭኑ ሽቦ መንገድ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሞቃ እምቢ ስትል ነው። ጠዋት ቢለኩ ሁሉም ቁጥር ደህና ሆኖ ያታልልዎታል።

«ሽቦውን በድምፅ ፈትሸነው ጮኋል» የሚሉዎት ካሉ፣ ድምፁ ለዚህ አይረባም። ከገመዱ ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር መልቲሜትሩ ይጮሃል። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ያህል ሲስብ፣ 0.02 ኦም ብቻ የሆነ መጥፎ ግንኙነት 3 ቮልት ይበላል። ባትሪው ራሱም ያኔ ስለሚወርድ፣ ለሞተሪኖው የሚተርፈው 9 እንኳን አይሞላም።

ሙቀቱ ለምን አስፈለገ? የቁጥር 50ን መንገድ ይከተሉ። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ሞተሪኖው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋለኛው ወንበር ስር አድርጎ ወደ ፊት እስከ መብራት ማብሪያው ይሄዳል፣ ወደ ቁልፉ ያልፋል፣ ከቁልፉ ደግሞ እንደገና እስከ ኋላ ይመለሳል። የመኪናዋን ርዝመት ሁለቴ ማለት ነው። በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ቮልት ይቀራል። በዚህ ላይ ሞተሪኖው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። መዳብ በ60 ዲግሪ ሲሞቅ ተቃውሞው ወደ ሩብ ያህል ይጨምራል። ጠዋት ለጥቂት የሚበቃው ቮልት ከሰዓት አይበቃም። ቁልፉን በእጅዎ ሲነቀንቁት የምትነሳ ከሆነ ደግሞ የቁልፉ ውስጠኛ ክፍል አልቋል፤ እሱ ለብቻው ይቀየራል። ይህ መስመር ፊውዝ የለውም፣ ፊውዝ ሳጥኑን በመነካካት ጊዜ አያጥፉ።

ሬሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) እናስገባ የሚሉም ይኖራሉ። ሬሌ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም አስገባለሁ። ግን ማሳውና ጫፎቹ ከጸዱ በኋላ ነው። የተበላ ማሳ ላይ የገባ ሬሌ በሽታውን ለጥቂት ወር ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም።

ለማጽዳት መጀመሪያ ኔጋቲቩን ይፍቱ፣ ሲያስሩ መጨረሻ ያድርጉት። እያንዳንዱን ጫፍ መዳቡ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ማሳው የሚታሰርበትን ላሜራም ቀለሙን ያንሱለት። ካሰሩ በኋላ ግራሶ ይቀቡ። በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ ካገኙ ይክፈቱት። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ቆርጠው በደንብ ያገናኙት። አደራ፣ ወንበሩን ሲመልሱ የባትሪው ፖዘቲቭ መሸፈኑን ያረጋግጡ። ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሞላ ወርዶ ከነካው መኪናዋ በእሳት ትያያዛለች፤ ቮልስ በዚህ ምክንያት ተቃጥሏል።

ቁጥሮቹ ሁሉ ደህና ሆነው፣ ሞቃ እምቢ ማለቷ ከቀጠለ፣ ሞተሪኖው ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ አያሳምንዎ። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚደገፍበት ትንሽ የነሐስ ቡሽ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ነው። ሞተሪኖው ሲወጣ ቡሹ እዚያው ይቀራል። እሱ ካለቀ ዘንጉ ይንጋደዳል፣ ውስጡ ይፋተጋል፣ ሲሞቅ ይያዛል። ቡሹ በዋጋ ርካሽ ነው። ሞተሪኖው በሚቀጥለው ሲወርድ ጣትዎን ቀዳዳው ውስጥ ከትተው ይዳስሱት፤ ሞላላ ሆኖ ካገኙት ይቀየር። ልኬቱን ሲጨርሱ አራቱን ቁጥሮች፣ የውስጥ መብራቱ ምን እንደሆነም ጨምረው ይጻፉልኝ።