አምስቱም ጠገራ 1780 ይላል፤ ፎርጅዱን በምን ልለየው?

እዚሁ አዳማ የሚኖር አንድ ወጣት አስተማሪ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ ከአንድ ሰው አምስት ጠገራ ብር ገዛሁ። አምስቱም ላይ 1780 ተጽፏል። የሥራ ባልደረባዬ ‹እንዴት አምስቱም በአንድ ዓመት ይሠራሉ? ተሸውደሃል› አለኝ። ወርቅ ቤት ወስጄ ሳስመዝናቸው አራቱ ከ27.8 እስከ 28 ግራም ሆኑ። አምስተኛው ግን 28.4 ነው፣ ሲንኳኳም ድምፁ ደስ አይልም። አሲድ ይደረግበት ወይ? ለጊዜው አምስቱንም በላስቲክ አስሬ ፌስታል ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አሲዱን እርሳው። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

የባልደረባህ ጥርጣሬ ክፋት የለውም፣ ምክንያቱ ግን ስህተት ነው። ጠገራው ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆች 1780 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ በታተመ ቁጥር ዓመቱ እንዳለ ቀረ። የቀይ ባሕር ነጋዴም የእኛም ገበያ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ! ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ አሳትመው እንኳ ገበሬው ማርትሬዛን፣ ማለትም ጠገራውን ነበር የሚመርጠው። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ሮም ላይ ራሱ አሳትሟል። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ታትሟል፤ ቪየና እስካሁን ታትማለች። ስለዚህ 1780 ማለት ማርትሬዛ ማለት እንጂ የልደት ቀን አይደለም። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ፎርጅድ አይባሉም፤ በትክክለኛው ብርና በትክክለኛው ክብደት የተሠሩ ናቸው። ሰብሳቢ ዘንድ የዋጋ ልዩነት አላቸው፣ ያ ግን ሌላ ወሬ ነው።

የእኛን ሥራ የሚያቀልልን ልኩ ነው። ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እኛ አንጥረኞች ወቄት የምንለውም ይኸው ክብደት ነው፤ አባቶቻችን ሚዛኑ ላይ ጠገራውን ራሱን እንደ ድንጋይ ያስቀምጡ ነበር። በእጅ ብዛት ያለቀ ጠገራ ጥቂት ነጥብ ቢጎድለው አይገርምም። አራቱ ጤነኛ የሚመስሉኝ ለዚህ ነው። ያለቀ ብር ይጎድላል እንጂ አይጨምርም። 28.4 የሆነው ግን ከየት አመጣው?

መልሱን ከመስጠቴ በፊት አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን በጆሮዬ እኮራ ነበር። ጠገራውን ጣቴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ በሌላ ጠገራ መታ አደርገዋለሁ። እውነተኛው ቀጭን ድምፅ አውጥቶ ቆይቶ ይጠፋል፤ ውሸቱ ዱብ ብሎ ይቀራል። አንድ ቀን አንዲት እናት የአንገታቸውን ጠገራ ይዘው መጡ። መታሁት፣ ዱብ አለ። «እማማ፣ ይሄ ብር አይደለም» ብዬ መለስኳቸው። ምንም ሳይናገሩ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። ከበዓል በኋላ ሌላ ነገር ሊያሠሩ ሲመለሱ ለምኜ ተቀበልኳቸውና በውኃ መዘንኩት። ጥርት ያለ ብር! ለካስ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ለማንጠልጠያ የተበየደ ቀለበት ነበረው፤ ቀለበቱ ወድቆ የእርሳስ ብየዳው ቀርቷል። ብየዳ ድምፅን ያፍናል። ውስጡ የተሰነጠቀ ጠገራም እንዲሁ ዱብ ይላል። ከዚያ ወዲህ በድምፅ እጠረጥራለሁ እንጂ አልፈርድም።

ያንተንም አምስተኛ በዚህ ዓይን እየው። ዳሩን አዙረህ ከራሷ በላይ ያለውን ቦታ ተመልከት። ግራጫ እብጠት ወይም የሞረድ ጭረት ካለ፣ ትርፉ 0.4 ግራም ምናልባት ብየዳ ነው።

አሁን ወደ ውኃው። ይህን ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልግህ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ብርጭቆና ስስ ክር ብቻ ነው። ሳንቲሙን ደረቁን መዝን። ከዚያ ውኃ የያዘውን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለህ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አስገባ፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ አንድ ትንሽ ቁጥር ያሳይሃል። ያ ቁጥር ሳንቲሙ የያዘው ቦታ ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍል። ለጤነኛ ጠገራ ውኃው ላይ 2.75 አካባቢ ይወጣል፣ ሲካፈልም 10.2። መዳብ ከሆነ 9 ገደማ ይመጣል፣ ናስ ደግሞ 8.5 አካባቢ። አንዳንዴ አረፋ ሳንቲሙ ላይ ተጣብቆ ያሳስታል። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣል ብታደርግበት ይለቃል። ሁለት ሦስቴ ደጋግመህ ሥራው፤ እኔም አንዴ ሠርቼ አላምንም።

ያንተ 28.4 ግራሙ ውኃው ላይ 2.8 አካባቢ ካሳየ ብር ነው፣ ብየዳውን ፈልግ። 3.2 ካሳየ ግን ተበልተሃል፤ ውስጡ መዳብ ወይም የመዳብ ዘመድ ነው፣ ላዩ ብቻ ብር ተነክሯል። ፎርጅድ ሠሪ ክብደቱን ለማስተካከል ሲል አንድ ነገር መክፈሉ አይቀርም። መዳብ ከብር ስለሚቀል 28 ግራም እንዲሞላ ሳንቲሙ መወፈር ወይም መስፋት አለበት። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ካለህ ከሌሎቹ አራቱ ጋር አስተያየው። ከሌለህ አምስቱን ደርድረህ ጣትህን ዳሩ ላይ አሳልፍ፤ ወፍራሙ ይሰማሃል።

ውኃውም ቢሆን የሚሸወድበት መንገድ አለ። እርሳስና ቆርቆሮ ተመጥነው ከተቀላቀሉ 10.2 ሊመቱ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ግን ይለሰልሳል፣ ድምፅም የለውም፤ ዳሩን ነጭ ወረቀት ላይ ቀስ ብለህ ስታሸው ግራጫ መስመር ይተዋል። ከእውነተኛ ብር የተሠራ ፎርጅድ ሲያጋጥም ደግሞ ሚዛንም ውኃም አይረዱህም። ያኔ የሚፈርደው ዓይን ነው።

በዓይን ስታይ ከፊቷ አትጀምር። ሁሉም የሚያየው ፊቷን ስለሆነ ፎርጅድ ሠሪም የሚጨነቀው ለፊቷ ነው። ከዳሩ ጀምር። ዙሪያውን በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ጽሑፍ በጌጥ መሐል ይዞራል፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሳንቲም ሁለት ግማሾቹ የተገናኙበት መስመር ዳሩ ላይ ይቀራል። ያንን በሞረድ ሲያጠፉት ጽሑፉንም አብረው ይበሉታል። ከዚያ የስልክህን መብራት ከጎን አብርተህ ሜዳውን፣ ማለትም ምስልና ፊደል የሌለበትን ገጽ ተመልከት። ፈስሶ የቀዘቀዘ ብረት ጥቃቅን ቀዳዳ ይይዛል፣ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። በማኅተም የተመታ ግን ሜዳው ለስላሳ፣ የፊደሉ ጠርዝም ሹል ነው። የፈሰሰ ሳንቲም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተርም ከናሙናው በትንሹ ይጠብባል። ከደረቷ በታች ያሉትን ኤስና ኤፍ የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁና በጀርባው ያለውን ባለ ሁለት ራስ ንስር ላባ ከአራቱ ጋር አነጻጽር። የድሮ ነጋዴ ዕንቁውን በጣቱ እየነካ ይቆጥር ነበር ይባላል፤ ሞኝ አልነበረም።

ጥቁረቱ እንዳያታልልህ። የእንቁላል አስኳል እንኳ ብርን ያጠቁራል። ዕድሜ ያጠቆረው ጉድጓዱ ጠቁሮ ጉብታው ይነጣል፤ የፀጉሯ ጫፍና ትከሻዋ በእጅ ብዛት ያበራሉ። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ጥቁር ከሆነ ተጠራጠር።

ማግኔት የሚጠቅመው ለጅምሩ ነው። ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሚወጣው ጠንካራው ይሻላል። ከተጣበቀ ውስጡ ብረት አለ፣ አለቀ። ሳንቲሙን አዘንብለህ ማግኔቱን ላዩ ላይ ስትለቀው ብር ላይ እየተጎተተ ይወርዳል፣ ናስ ላይ ፈጠን ይላል። መዳብም ግን እንደ ብር ይጎትተዋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የምኒልክንም ብር ብትገዛ በዚሁ መንገድ ሂድ። ክብደቱ ከጠገራ ጋር አንድ ለማለት ይቻላል፣ ብሩም 835 ነው፤ በውኃው ቁጥር ሲካፈል ያው 10.2 ይወጣል። የግዕዙን ፊደልና የአንበሳውን ጋማ ግን በአጉሊ መነጽር እየው። ፈስሶ የተሠራው ላይ የፊደሉ እግር ይወፍራል፣ ጋማውም ሊጥ ይመስላል።

ወደ አሲዱ ልመለስ። እኛ ለቅላጭ ብር እንጠቀምበታለን፣ ምክንያቱም ያ ብር ነገ ይቀልጣል። ጠገራህ ላይ የምታፈሰው ጠብታ ግን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፤ ዳሩን በሞረድ ነካ ማድረግም እንዲሁ ነው። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸትም ያው ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ለጠቆረው ቆዳ ነው፤ ያበራኸውን ማንም አይፈልገውም።

አምስተኛውን ውኃ ውስጥ ካስገባኸው በኋላ ቁጥሩን ላክልኝ። የዳሩንም ፎቶ መብራቱን ከጎን አድርገህ አንሳ። ላስቲኩን ግን ዛሬውኑ ፍታው፤ ድኝ ስላለበት ብር ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። ከፌስታሉም አውጣቸውና እያንዳንዳቸውን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላቸው።