አልጠራ ያለው ጠላ

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ባለትዳር ነኝ፤ የምኖረውም ጎንደር ነው። ወደ እርስዎ የምጽፈው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተነጋግሮ መግባባት ካቃተኝ በኋላ ነው። አባታችን መሲንቆ ተጫዋች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ አካባቢ ባሉ ምሽት ቤቶችና በየሠርጉ ሲጫወቱ ኖረው፣ አገሩ ታውኮ ጎብኚው ሲጠፋና ምሽቱ ሲያጥር እቤት ዋሉ። ሥራ የፈታው ወንድሜ ደግሞ በረንዳ ላይ ሲጫወቱ እየቀረጸ በየቀኑ ቲክቶክ ላይ ይለቃቸዋል።

አባቴ አሮጌ ጋቢ ለብሰው በባዶ እግራቸው ይታያሉ፤ ከኋላቸው የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። የማያውቃቸው ሰው ሁሉ ስለ ጥርሳቸው ሳይቀር ይጽፋል። «ቢያንስ ጫማ አድርግላቸው» ብለው አይሰማኝም። በተለይ አንዱ ቪዲዮ ከተማውን አዳርሷል፤ ባጃጅ ውስጥ ስገባም ገበያ ስወጣም እሰማዋለሁ። ግጥሙ ይህ ነው፦

የልጄ ቤት ጠላ ለሰው ሁሉ ጠርቶ፣
እኔ ጋ ሲደርስ ግን አልጠራ አለኝ ከቶ።

ሰው እንደ ቀልድ ይዞት ይስቅበታል፤ ጠላ ቤቶችም ደንበኛ ይጠሩበታል። አባቴ ግን ሐኪም ከከለከላቸው ወዲህ ጠላ ቀምሰው አያውቁም። «ይህ ግጥም ለእሳቸው አይመጥንም፣ አጥፋው» ብዬ ወንድሜን ብቆጣው፣ «ይህን ልቀቀው ያሉኝ ራሳቸው አባባ ናቸው» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

አባቴን እንደምጠላቸው እንዳይመስልዎት። ልጅ ሳለሁ የደጋናቸውን ጭራ የሚያሹበትን ዕጣን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ነገር ግን የባለቤቴ ወላጆች አባቴን የሚያውቋቸው በንግድ ሲተዳደሩ እንደኖሩ ሰው ነው። ሽማግሌ በተላከ ጊዜ እንዲያ ተባለ፤ ባለቤቴም እያወቀ ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያርመው አልተገኘም። በሠርጌ ዕለት ኪቦርዱ የመሲንቆ ድምፅ እያወጣ አዳራሹ በእስክስታ ሲናወጥ አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው እንደ ማንኛውም የሙሽራ አባት ተቀመጡ። አምና ቤታችን ሲመረቅም አማቾቼና የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ስለበዙ፣ አባቴን በማግሥቱ ለብቻቸው ምሳ ጋበዝኳቸው፤ ቅር ያላቸውም አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ወር ሴት ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። አባቴ ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው እንደሚጫወቱላት ለወንድሜ ነግረውታል። ወንድሜ ቪዲዮዎቹን እንዲያጠፋ በምን ላግባባው? ደግሞስ አባቴን መሲንቋቸውን ትተው እንዲመጡ ብለምናቸው ኃጢአት ይሆንብኛልን?

ግራ የገባኝ፣ ከጎንደር

መልስ

ልጄ፣

ስለ ወንድምሽ የምለው አጭር ነው። ጫማውን በተመለከተ እውነት አለሽ፤ ሽማግሌ ሰው በሰው ፊት ሲቀርብ ተሰናድቶ ነውና እሱ ይታረም። ቪዲዮውን የማስጠፋት ሥልጣን ግን የአንቺ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጨዋታው እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የመፍቀድን መብት የሰጠው ለተጫዋቹ ነው፤ ተጫዋቹም ልቀቀው ብለዋል። ለምን ይህኛውን ለይተው ልቀቀው እንዳሉ ብትጠይቂ ኖሮ ደብዳቤሽ ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር።

ጠላ የተዉ ሰው ስለ ጠላ ለምን ይዘፍናሉ? ግጥሙን ጮክ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰሙ ጠላ ነው፤ ለሌላው ሲጠራ ለእሳቸው የደፈረሰ ጠላ። ወርቁ ግን «አልጠራ አለኝ» የሚለው ላይ ተቀምጧል። ጠላም ይጠራል፣ ሰውም ሰውን ይጠራል። ሰው ሁሉ ሲጠራ እሳቸውን አልጠራ ያላቸው የልጃቸው ቤት ነው፤ አምና የተመረቀው ቤትሽ። ቅር ያላቸው አይመስለኝም ያልሽው ነገር ይኸውልሽ፣ በባጃጁ ሁሉ ይዘፈናል። በዕጣን መያዣ ዕድሜሽ ሰምና ወርቅ እየሰማሽ ያደግሽ ልጅ ይህን ሳትሰሚ ቀርተሻል ብዬ አላምንም። ሰምተሻል፤ ስለ ሰማሽም ነው የእሳቸውን ባዶ እግርና የወንድምሽን ሥራ መፍታት ስትቆጥሪ የቆየሽው።

አዝማሪ ለመኳንንቱ ፊት ለፊት የማይባለውን በግጥም እየጠቀለለ ሲነግር የኖረ ሰው ነው፤ ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን ወሬ ከአገር አገር የሚዞረው በእሱ መሲንቆ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር እየዞሩ የሚያዜሙትንም ያሳደደው ግጥማቸው ምን እንደሚሠራ ስለ ገባው ነው። አባትሽም ልጃቸውን ፊት ለፊት መውቀስ ቢከብዳቸው በሚያውቁት መንገድ ነገሩሽ። ስምሽን አልጠሩም፤ ሰሙንም ለመንገደኛው ትተው ወርቁን ለአንቺ ብቻ አስቀመጡልሽ። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ወቀሳ አላውቅም።

ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አዝማሪነት እንደ ሸማኔነትና እንደ ቀጥቃጭነት ሲናቅ የኖረ ሙያ ነው፤ በጋብቻ ጊዜ ዘር እየተቆጠረ ስንቱ እንደተለያየ አይቻለሁ። በዚህ አልፈርድብሽም። ነገር ግን ቃሉ ራሱ ዘመረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በልጅሽ ክርስትና ቀን የሚሰማው መዝሙርና የአባትሽ ሙያ ስም ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው። ይልቁንም ያንገበገበኝ ሠርግሽ ነው። ያ ሁሉ ሰው በማሽን ለሚወጣ የመሲንቆ ድምፅ እስክስታ ሲወርድ፣ መሲንቆን ጣቶቻቸው የሚያውቁት ሰው እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ ተደረገ። ዛሬ ስመ ጥሩ ዘፋኞች ሳይቀሩ መሲንቆ ተጫዋች መድረክ ላይ ይዘው የሚወጡት ያ ድምፅ ከአባትሽና ከመሰሎቻቸው እጅ ካልወጣ ነፍስ ስለማይኖረው ነው፤ የአንቺ አባት ግን ለገዛ ልጃቸው ሠርግ አንድ ስንኝ እንኳ አልተቀበሉም።

ኃጢአት ይሆንብኛልን ብለሻል። አዎን፣ ይሆንብሻል፤ አትለምኛቸው። በቅድሚያ ባለቤትሽ ወላጆቹን ያነጋግር፤ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነውና ሸክሙ የአንቺ ብቻ አይደለም። አማቾችሽ ቪዲዮውን እስካሁን አላዩትም ብለሽም አትጽናኚ፤ ከተማው ሁሉ የሚያዜመውን እነሱ ብቻ የማይሰሙበት ምክንያት የለም፤ ምናልባትም ከእናንተ አፍ እስኪወጣ እየጠበቁ ይሆናል። ቢከፋቸው ይክፋቸው፤ ዓመት የቆየ ውሸት የልጅ ልጃቸው ከምትጠመቅበት ቀን ጋር አብሮ መዋል የለበትም።

ከዚያ ራስሽ ወደ አባትሽ ሂጂ። በስልክ አይሁን፣ በወንድምሽ በኩልም አይሁን። ሕፃኗን ታቅፈሽ በረንዳው ላይ ከአጠገባቸው ተቀመጪና፣ «አባባ፣ ለክርስትናዋ መሲንቆዎን ይዘው ይምጡልኝ» በያቸው። ረጅም ይቅርታ አትደርድሪ፤ ግጥሙ ለጠየቀው ይህ በቂ መልስ ነው። ደጋኑን የሚያሹበትን ዕጣን ግን ገበያ ወጥተሽ አንቺው ግዢው፤ ይዘሽላቸው ሂጂ።