ለፖትስ የትኛው ቤታ ብሎከር ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ፖትስ (ሲቆሙ ልብ ከልክ በላይ የሚመታበት ሕመም) እንዳለብኝ ከተነገረኝ ወዲህ ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ። ስቆም ልቤ እንደ ድሮው አይደልቅም። ነገር ግን ሌሊት ያቃዠኛል፣ እጄ በረዶ ይሆናል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ልጅ ሳለሁ አስም ነበረብኝ። በቅርቡ መድኃኒቱን ሁለት ቀን ባቆመው ልቤ ክፉኛ መታ። በቢሶፕሮሎል ወይስ በሜቶፕሮሎል ልቀይረው?

መልስ፦ መድኃኒቱን ሁለት ቀን ከማቆምዎ ልጀምር፤ ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ቤታ ብሎከር (የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት) በድንገት አይቆምም። መድኃኒቱ ለወራት ልብን የሚያፋጥነውን የአድሬናሊን ሆርሞን መግቢያ ሲዘጋ ሰውነት በምላሹ ተቀባዮቹን፣ ማለትም መግቢያ በሮቹን፣ ያበዛል። መድኃኒቱ በአንዴ ሲጠፋ አድሬናሊን በዚያ ሁሉ በር ይገባል፣ ልብም ይደነብራል። ስለዚህ ያን ቀን የተሰማዎት የግድ ፖትሱ ብሶ ላይሆን ይችላል። ማቆምም ሆነ መቀየር ቢያስፈልግ በሐኪም ክትትል መጠኑን ቀስ በቀስ በመቀነስ ነው።

ቀጥሎ አስሙ። ፕሮፕራኖሎል የሚዘጋው ልብ ላይ በብዛት የሚገኘውን ቤታ አንድ ተቀባይ ብቻ አይደለም፤ የአየር ቧንቧንና የደም ሥርን የሚያሰፋውን ቤታ ሁለትንም ይዘጋል። አስም ያለበትን ሰው ደረት ሊያጠብበት፣ የአስም ፓፍ የሚሰጠውንም እፎይታ ሊያሳንስ ይችላል። የእጅዎ መቀዝቀዝም ከደም ሥር መጥበብ ጋር የተያያዘ ነው። አስሙ በልጅነቴ ቀርቷል ብለው ለሐኪምዎ ሳይነግሩት ቀርተው ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩት። ደረጃ ላይ የሚሰማዎት ድካም ብቻ ነው ወይስ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ፉጨት አለበት? ይህ መለየት አለበት።

ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል በአብዛኛው ቤታ አንድ ላይ ያተኩራሉ፣ ለሳንባም ይሻላሉ። መጠናቸው ሲጨምር ግን ይህ መምረጣቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አስምን ፈጽሞ አይነኩም ማለት አይደለም። ከሁለቱ ቢሶፕሮሎል ይበልጥ መራጭ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜም ይበቃል። ቅዠቱን በተመለከተ ሜቶፕሮሎል ብዙ ላይረዳዎት ይችላል፤ እንደ ፕሮፕራኖሎል ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ አንጎል ይገባል። በተጨማሪም እንደ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያለውን የሜቶፕሮሎል መጠን ከፍ ያደርጉታል። ሌላው ቤታ ብሎከር አቴኖሎል ወደ አንጎል እምብዛም አይገባም፤ ነገር ግን በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊት መታየት አለበት፣ በእርግዝና ጊዜም የፅንስ እድገትን ሊያዘገይ ስለሚችል ልጅ ለመውለድ ካሰቡ አስቀድመው ይናገሩ። ካርቬዲሎልና ላቤታሎል የተባሉትን ቤታ ብሎከሮች ለፖትስ አልወድም፤ የደም ሥርን ስለሚያሰፉ ቆሞ መዋልን ያከብዳሉ።

ለፕሮፕራኖሎልም ፍትሕ ልስጠው። ማይግሬን ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ላለበት ሰው በአንድ እንክብል ሁለት ሥራ ይሠራል። ለእርስዎ ግን አስሙ ሚዛኑን ወደ ሌላ ይወስደዋል።

ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ አብዝቼ የምጠይቀው መጠኑን ነው። ፖትስ ያለበት ሰው ልብ የሚሮጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲቆም ወደ ሆድና ወደ እግር የወረደውን ደም ለማካካስ ነው። ሩጫውን ፈጽመን ካገድነው ቁጥሩ ያምራል፣ ሰውየው ግን ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት 20 ሚሊግራም ፕሮፕራኖሎል በአንድ ጊዜ የተሰጣቸውን 80 ሚሊግራም ከተሰጣቸው ጋር አወዳድሮ ነበር። ትልቁ መጠን የልብ ምቱን ይበልጥ ቢቀንስም በሕመም ስሜቱ ላይ የበለጠ የረዳው ትንሹ ነበር። የእርስዎ የአንድ ጊዜ መጠን ከዚያ ትንሽ መጠን እጥፍ ነው። ድካሙ ከዚህ መምጣቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ቤታ ብሎከር በጭራሽ ካልተስማማዎት ኢቫብራዲን አለ። የልብን ምት ብቻ ያዘገያል፤ የደም ግፊትን አያወርድም፣ ደረትንም አያጠብም። አንዳንዶች ዐይናቸው ላይ ብልጭታ ያያሉ፤ በእርግዝና ጊዜ ግን አይወሰድም።

ቀጠሮዎ እስኪደርስ መጠኑን በራስዎ አይቀይሩ። ጠዋት መድኃኒቱን ከመውሰድዎ በፊት 5 ደቂቃ ተኝተው፣ ከዚያም ቆመው በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ የልብ ምትዎንና የደም ግፊትዎን ይመዝግቡ። ማዞር ከበረታብዎ ይቀመጡ። ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፤ ከ«ይደክመኛል» የበለጠ ይናገራል። ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎ ከፏጨ፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም የልብ ምትዎ ከ50 በታች ሆኖ ካዞረዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።